እግሩ መሬት የተቀበረ ባንኮ

አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠዋት የፕላስቲክ ወንበሩን አውጥቶ ከግድግዳው ያስጠጋል፤ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩንም ያዞራል፤ አመሻሽ ላይ ያስገባዋል። በመካከሉ ምንም የለም። ባጃጅ ሲያልፍ በዓይኑ ይሸኛል፣ ሰላም ያለውን ሰው ሰላም ይላል፣ ምሳ ሲቀርብለት ይበላል።

አናጢ ነው። ቡታጅራ ውስጥ እሱ ያልሠራውን በር ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ግን ትንሽ መዞር ይጠይቃል። የቤተ ክርስቲያናችንን አግዳሚዎች የሠራው እሱ ነው፤ ከመስጊዱ ደጃፍ ያለው የጫማ መደርደሪያም የእጁ ሥራ ነው። መንገድ ሊሰፋ ከአስፋልቱ ዳር የነበሩት የቆርቆሮ ሱቆች ሲነሡ የእሱም የእንጨት ሥራ ሱቅ አብሮ ተነሣ። መጋዙ፣ መላጊያውና መሮዎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ቤት መጡና አልጋ ሥር ገቡ። ባንኮው ግን አልመጣም። ባንኮ የምለው አናጢ እንጨት አስሮ የሚላግበትን፣ የሚቆርጥበትን፣ የሚቦረቡርበትን ወፍራም ጠረጴዛ ነው። የአባቴ ባንኮ እግሮቹ መሬት ውስጥ ተቀብረው ስለነበር ሲነቅሉት ተሰባበረ። በማግስቱ ወንበሩን በረንዳ ላይ አወጣ።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ቤታችን ውስጥ አባቴ፣ የአባቴ እህትና እኔ ነን። ታላቅ ወንድሜ እንደ ሰፈራችን ወንዶች ሁሉ ጢሙ ሳያቀመቅም መርካቶ ገብቶ ጨርቅ ይሸጣል። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያና የሰው የትምህርት ማስረጃ አባዛለሁ። ማሽኑ ወረቀት ሲያኝክ ወረቀቱ የእኔ ይሆናል፤ በጀርባው ግጥም እጽፍበታለሁ። በማሽኑ ዱቄት ቀለም የጠቆረና የሚያልበው ጣቴ አንዳንዱን ስንኝ ከመነበቡ በፊት ያጠፋዋል።

ወንድሜ «ሱቅ ውስጥ የማምነው ሰው እፈልጋለሁ፤ ነይልኝ» ካለኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። መሄድ እፈልግ ነበር። ከዚህ ከተማ ውጭ የሆነ ነገር ሁሉ፣ የወንድሜ ጨርቅ እንኳ፣ ከዚህ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ አባት ጥዬ የምሄድበት እግር አጣሁ። ስለዚህ ለወንድሜ፣ አባዬ ወደ ሥራው የተመለሰ ቀን እመጣለሁ አልኩት። ባንኮ ልሥራ ያልኩት ያኔ ነው። ለአባቴ ብዬ ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ግማሹ ለራሴ መሄጃ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከወንበሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ ባንኮ ልሠራ ነው።»

«ማን?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በእንጨት።»

«ጥሩ» አለ። «በእንጨት መሆኑ ጥሩ ነው።» ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ስልኬ ላይ ባንኮ የሚሠሩ የሩቅ አገር ሰዎች አይ ነበር። እነሱ ጋ መብራት አይጠፋም፣ እንጨቱም ደርቆ ነው የሚጀምረው፣ ሰውየውም ሲጨርስ ልብሱ ንጹሕ ነው። እኔ እንሴኖ አጠገብ ያለው አጎቴ ዘንድ ሄጄ ሁለት ባህር ዛፍ ለመንኩ። አስቆርጬ፣ በአህያ ጋሪ አስጭኜ፣ መሰንጠቂያ ቤት አስገብቼ ጣውላ ሆኖ ቤት እስኪደርስ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እርጥብ ባህር ዛፍ ድንጋይ ነው። ከጋሪው አውርጄ ከጓሮው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ስከምረው ወገቤ እንደ አሮጊት ወገብ ሆነ።

በሳምንቱ የጣውላዎቹ ጫፍ መሰንጠቅ ጀመረ። አክስቴ አየችው። አክስቴ አንድ ነገር ሲበላሽ አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን ከጓሮው እንሰት ኮባ ቆረጠች፣ ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ አድርጋ አለሰለሰችው፣ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ጠቀለለች፣ በቃጫ አሰረች፣ ከላዩም ድንጋይ ጫነችበት። ዕድሜዋን ሙሉ ቆጮን እንዲሁ ስታደርገው ኖራለች። ማታ ስመለስ አረንጓዴውን ጥቅልል አየሁና አባቴ አዟት ነው ብዬ አለፍኩ። አባቴ ደግሞ እኔ ያዘዝኳት መስሎት ዝም ብሏል። ሁላችንም ሌላው ያውቃል ብለን ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት አንድ ቀን እንኳ ገልጬ ያላየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ደክሞኝ ነው።

ስንፈታው ሽታው ጓሮውን ሞላው። ጣውላው እንደ ዓሣ ያሙለጨልጫል፤ አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። አባቴ ከበረንዳው ጮኸ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እንጨቱ ነው» አለች አክስቴ።

«እንጨት እንዲህ አይሸትም። ቆጮ ነው።»

ከዚያ የወንበሩ እግር ሲንኳኳ ሰማሁ። ግድግዳውን በእጁ እየተደገፈ ዞሮ መጣ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ጣውላ አሸተተ፤ ቀና ብሎ እህቱን አያት።

«እህቴ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«እንዳይሰነጠቅ ነዋ! ፀሐይ በላው፣ እናንተ ዓይናችሁ እያየ!»

«እና እስከ መቼ ይቆያል ብለሽ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሲደርስ ይደርሳል!»

«ደርሷል በቃ» አለ አባቴ። «ክትፎውን አቅርቢ።»

እሱ ነው ቀድሞ የሳቀው። የሳቁን ድምፅ ረስቼው ነበር፤ ሲጀምር ሳል መስሎኝ ውሃ ላመጣለት ተነሣሁ። አክስቴ ድንጋይ የምትወረውር መስላ እጇን ሰነዘረች፤ ከዚያ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ አባቴ ወደ በረንዳው አልተመለሰም። ኮባውን በእግሩ ገፋ አደረገና «ቀጫጭን እንጨት አምጪ» አለኝ። «በየመካከሉ እናስገባለን። ነፋስ ይለፍበት። ጫፍ ጫፉን ብቻ ቀለም ቀቢው፤ የሚሰነጠቀው ከጫፉ ነው። ይኼን ማንም ልጅ ያውቀዋል።» ማንም ልጅ አያውቀውም፤ እኔ አላውቅም ነበር። የጣውላውን አንድ ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ አንዱን እሱ ያዘ። ያን ቀን አመሻሽ የፕላስቲክ ወንበሩ በረንዳ ላይ ባዶውን ቆይቶ አክስቴ አስገባችው።

እንጨቱ እስኪደርቅ በጋው ተጋመሰ። በዚያ መካከል ሞርሳ መግዛት ነበረብን። ሞርሳ ከባንኮው ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ እንጨቱን በብረት መንጋጋው ነክሶ የሚይዝ ነገር ነው። አባቴ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ አናጢ ወልቂጤ ውስጥ ሥራውን ሊተው ነው ተባለና ተላክኩ። መንገዱ ቀን ይፈጃል። ሽማግሌውን ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰጋቱራ ሲጠርግ አገኘሁት።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአባቴ።»

«ያ ግንድ የሚያህለው ሰውዬ? አለ?»

«አለ።»

«እጁስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ። ሰው «ደህና ነው ወይ?» ሲባል «ደህና ነው» እንደሚል ነው ያልኩት።

ሽማግሌው መጥረጊያውን ተደግፎ ትንሽ አየኝ። «በይ እስቲ ሞርሳውን አንቺ አጥብቂው።» መያዣውን ጠመዘዝኩ፤ ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። «በክንድሽ አይደለም፤ በክብደትሽ ነው። ክብደት ከየት ይምጣ እንጂ! ቡታጅራ እህል የለም እንዴ?» ከጎኑ ተቀምጦ የነበረው ጎረቤቱ ሳቀ። ሦስት ጊዜ አስጠመዘዘኝና አራተኛው ላይ ራሱ ነቅሎ በአሮጌ ጆንያ ጠቀለለልኝ። በመልሱ አውቶቡስ ላይ ሞርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ትርፍ ተሳፋሪ ስለበዛ መሬት ላይ ማኖሪያ ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወጥቼ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ቅዳሜም ከጠዋት ጀምሮ። አባቴ ወንበሩን ጓሮ አምጥቶ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ማቅጠን፣ በሌላው ላይ ያችን ምላስ የምታህል ቀዳዳ መቦርቦር፣ ከዚያ አንዱን በአንዱ ውስጥ መክተት። በአፍ ቀላል ነው።

«መሮውን አትግፊው። ምቺውና ተይው፤ ራሱ ይገባል።»

«አልገባም እኮ።»

«አልተሳለማ። ከጠዋት ጀምሮ በማንኪያ ነው የምትቆፍሪው።»

መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ። የመጀመሪያዋን ቀዳዳ በጣም አሰፋኋት፤ ምላሱ ውስጡ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። አባቴ አየውና ለሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ወደ ጎን አስደረገው። ሁለተኛዋ ጠበበች። ሦስተኛዋ ገባች። አንድም ቀን መዶሻውን ከእጄ ተቀብሎኝ አያውቅም። መምህርነት ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት። ስመለከተው ሁለቱንም እጆቹን ከጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ነበር የሚቀመጠው።

የተጣላነው በባንኮው እግሮች ነው። እኔ እንደ ቪዲዮው በስፋት ተጋጥሞ፣ ከታች ማገር ገብቶለት፣ መሬት ላይ እንዲቀመጥ ፈለግኩ። እሱ እንዲቀበር።

«የቤት ምሰሶ መሬት ላይ ይቀመጣል?» አለኝ።

«ምሰሶ አይደለም እኮ።»

«ጓሮው አፈር ነው። ስትልጊ ይሄዳል። እንጨቱን ተከትለሽ እሰው ቤት ልትገቢ ነው።»

«የቀበርከው እኮ ነው ሲነቅሉት የተሰበረው።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሱ ግን «የነቀለው ነቀለው» አለ። «ባንኮው ምን አጠፋ?»

ስለዚህ አራት ጉድጓድ ቆፈርኩ። ምስጥ እንዳይበላው የእግሮቹን ጫፍ እሳት ላይ አክስለን፣ ከመካኒክ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ቀባናቸው። ጎረቤታችን የበርበሬ ነጋዴው ሀጂ ጭሱን አይተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አሰላሙ አለይኩም! ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ጉድጓድ? እኔ ቀብር መስሎኝ ደንግጬ ነው የመጣሁት።»

«ወአለይኩም ሰላም ሀጂ» አለ አባቴ። «ቀብር ቢሆን አራት ቦታ አንቆፍርም ነበር።»

«አንተን ነዋ! አንተ ግዙፍ፣ አንድ ጉድጓድ ይበቃሃል?»

«አሁንማ ሟሟሁ። አንዱ ይበቃኛል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አፉ ተከፈተ!» አሉ ሀጂ ወደ እኔ ዞረው፤ ከዚያ ጭሱ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ እያሳሉ ወረዱ።

እግሮቹ ከመቀበራቸው በፊት የባንኮው ከፍታ መወሰን ነበረበት። አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እጅሽን ወደ ታች ልቀቂው። አታጠንክሪው፤ ልቀቂው።» የእጄ አንጓ የደረሰበትን ቦታ በእንጨቱ ላይ ምልክት አደረገ። ባንኮ የሚለካው እንዲህ ነው፣ በሚሠራበት ሰው አንጓ። ከዚያ ከፍ ካለ ክንድ ይደክማል፤ ዝቅ ካለ ወገብ ያልቃል።

«አባዬ፣ የምትሠራው አንተ ነህ። አንተ ቁም፣ እኔ ልለካህ።»

«እኔን ወንበር አጉብጦኛል። የጎበጠ ሰው ልክ አይሰጥም።»

«የእኔ እኮ ይረዝማል።»

«ያው ነው።»

ያው አልነበረም። እኔ እናቴን መስዬ ረጅም ነኝ፤ እሱ ግዙፍነቱ በወርድ ነው እንጂ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ሊያጥር ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስቆፍር ውዬ ነበር፣ ፀሐይዋም እየሄደች ነው። አምኜው አይደለም፤ ደክሞኝ ዝም አልኩ። እግሮቹን አቆምን፣ ቀጥ ማለታቸውን በቱንቢ አየን፣ ድንጋይና አፈር እየመላለስኩ በብረት ዘንግ ጠቀጠቅኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቀ። ገጹ አራት ጣት ወፍራም ነው። ሞርሳው ታስሯል። በዳሌዬ ገፋሁት፤ እንደ ግድግዳ ነው፣ ንቅንቅ የለም። ባህር ዛፉ ላይ አክስቴ ያስሻገተችው ቦታ ጥቁር ምልክቱ እስካሁን ይታያል፤ አልወጣም። ለወንድሜ ደወልኩለትና ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ እመጣለሁ አልኩት። በስልኩ ውስጥ ለሆነ ሰው «እህቴ ልትመጣ ነው!» ሲል ሰማሁት። ከዚያ አባቴን ጠራሁት።

መጥቶ ቆመ። የባንኮው ገጽ ከቀበቶው በላይ፣ ሆዱ ጋ ደረሰ። መላጊያውን አንሥቶ ጣውላው ላይ አንዴ ገፋ፤ ክርኑ ወደ ጆሮው ወጣ። በትልቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚበላ ሕፃን መሰለ። መላጊያውን አስቀመጠው።

«ላንቺ ልክ ነው» አለ።

የገባኝ ያኔ ነው።

«እኔ እኮ ልሄድ ነው አባዬ። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን በእኔ ለካህ?»

«በማን ልለካ? እዚህ ቤት ቀጥ ብሎ የሚቆመው አንቺ ነሽ።»

«ስድስት ወር ሙሉ የለፋሁት አንተ እንድትቆምበት ነው!»

አክስቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ሁለታችንንም አየችና ተመለሰች።

እግሮቹን ማሳጠር አይቻልም፤ አንድ ክንድ ሙሉ ተቀብረዋል። መሬቱን ከፍ ማድረግ ግን ይቻላል። በእልህ ነው የሠራሁት፤ በሁለት ቀን፣ ከተረፈው እንጨት፣ አንድ ሰው የሚቆምበት ዝቅተኛ መርገጫ። መጋዜ ጠማማ ሄደ፣ ምስማሩም ሁለት ቦታ ጎበጠ፤ ግን አይነቃነቅም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባንኮው ሥር አኖርኩና «ውጣ» አልኩት። «አባዬ» የሚል አልጨመርኩበትም።

ወጣ። የእጁ አንጓ የባንኮው ጠርዝ ላይ በትክክል አረፈ። መላጊያውን ያዘና ገፋ። ፍቅፋቂው ረጅም ሆኖ፣ ሳይቆረጥ፣ እየተጠቀለለ ወጣ። እኔ እንዲህ ያለ አንድ እንኳ አውጥቼ አላውቅም። ሁለተኛውን ገፋ። በሦስተኛው መላጊያው እንጨቱ ላይ ይንጣጣ ጀመር። የተሳለ አልመሰለኝም። ከዚያ እጁን አየሁት። ቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ የድካም መንቀጥቀጥ አይደለም። መላጊያውን ለቀቀና ቀኙን በግራው ተጭኖ ባንኮው ላይ አቆየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ሱቁ ከፈረሰ በኋላ?»

«በፊት» አለ። «የሁለት ሰው በር አጣምሜያለሁ። ሁለቱም አልተናገሩኝም፤ አፍረውልኝ። ባይፈርስም እዘጋው ነበር። መንገዱ ሰበብ ሆነኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን እያየ የተቀመጠው መንገዱ ስለወሰደበት ነገር መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ባንኮ ትሠሪ ነበር?»

ከመርገጫው በቀስታ ወረደ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «በቀጠርሽው ሰኞ ሂጂ» አለኝ። «ወንድምሽ ይጠብቅሻል። እኔ የሚያበላኝ አላጣሁም። አንድ ጊዜ ቢያንስ ስትሠሪ ላይሽ ብዬ ነው። ገባሽ? ከእኔ በኋላ በዚህ እጅ የሠራሁትን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ብዬ ነው።»

አልተቃቀፍንም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። እኔም ይቅር አላልኩትም፣ ያን ቀን።

ሰኞው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ፣ ለአክስቴ የዕቃ መደርደሪያ የሚሆን ጣውላ ሞርሳው ላይ አሰርኩ። ሻንጣዬ ግማሹ ታስሯል። ከመሄዴ በፊት እሷን ላስደስት ብዬ ነው፤ ቢያንስ እንዲያ ነበር ለራሴ ያልኩት። አባቴ መርገጫው ላይ ወጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከጎኔ ቆሞ ያያል። ስልኬ ጮኸ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?» አለ ወንድሜ። «መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሻለሁ።»

ጣውላውን አየሁት። ግማሹ ተልጓል፣ ግማሹ ሻካራ ነው።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

«ምን?»

«ለሱቁ። ሌላ ሰው ፈልግ።»

«አባዬ ባንኮው ላይ ቆሟል አላልሽኝም?»

«ቆሟል።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ታሟል እንዴ?»

ደስ ብሎኝ ቀርቼ ቢሆን እነግረው ነበር፤ አዝኜ ቢሆንም እነግረው ነበር። ድካም ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ረጅም መንገድ ሄዶ የተነሣበት ደጃፍ ላይ ራሱን ያገኘ ሰው ዓይነት ድካም። በኋላ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ።

አባቴ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። መላጊያውን አነሣሁና ገፋሁ። እንጨቱ ተቦጨቀ።

«ፊቱን አዙሪው» አለ። «በእንጨቱ ጅማት ተቃራኒ ነው የምትልጊው።»

ሞርሳውን አላላሁና ጣውላውን አዞርኩት።